እሳት የሚዳፈንበት ሰዓት

እርጥብ አመድ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ሰዓቴን አያለሁ። ባለፈው ክረምት ጂንካ ሄጄ ባረፍሁበት ቤት ጓሮ አንዲት ልጅ የጋለ ከሰል ላይ ውሃ ደፋች። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን እያወቅሁ ብድግ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ልጅቷ በመስኮት አየችኝና «በረደሽ እንዴ እትዬ?» አለችኝ። «መሽቷል ብዬ ነው» ብላት የልቧን ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

ነገሩ የሰባተኛ ክፍል ነገር ነው። እኔና ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ወላጆቻችን ደጋ ላይ የአሪ ገበሬዎች ስለነበሩ፣ ለትምህርት ብለን ጂንካ ከአባታችን እኅት ከማርታ ጋር እንኖር ነበር። የአክስቴ ቤት ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ወዲህ፣ ጓሮው በእንሰት የተዋጠ ሳር ቤት ነው። በዚያ ዓመት በልጉ ሲጀምር እንደ ወትሮው መስሎን ነበር። ከዚያ ዝናቡ አላቆም አለ። ሜዳው ጨቀየና አውሮፕላኑ ከላያችን ዞሮ ዞሮ ተመለሰ። ወንዞቹ ሞልተው መኪና ቀረ። መጀመሪያ ላምባ ጠፋ፣ ቀጥሎ ጨው፣ ከዚያ ክብሪት። ላምባውንና ጨውን ቻልነው፤ የክብሪት መጥፋት ግን የሰፈሩን ኑሮ ሁሉ አክስቴ ምድጃ ላይ አመጣው።

አክስቴ እሳት አይጠፋባትም ነበር። ማታ ማታ የወይራ ጉማጁን ወደ መሐል ትገፋና ፍሙን ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች፤ ታዳፍነዋለች። ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርገው ቀይ ሆኖ አድሮ ታገኘዋለች። የሌላው ሰው እንጨት እርጥብ ነው፣ ወይ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወይ ሴትየዋ ትቸኩላለች፤ ብቻ ጎህ ሲቀድ ደጃችን ላይ ገል የያዘ ሰው አይጠፋም ነበር። ገሉ ላይ ትንሽ አመድ ይደረጋል፣ ፍም ይቀመጥበታል፣ በእጅ ከለል ተደርጎ ይኬዳል። አክስቴ ጋ አንድ ሕግ ነበር፤ እሳት ለማንም አይከለከልም። ሌላም ሕግ ነበር፤ እሳት ለማንም አይወሰድለትም። የፈለገ ይመጣል፣ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፣ ይጭራል፣ ይሄዳል።

ይህ «ማንም» የሚለው ነገር ፊት ለፊታችን ያሉትን ይጨምራል። ከመንገዱ ማዶ የጋሽ በላቸው ቤት ነበር። አያቱ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እሱ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው። የአክስቴ ጸሎት ቤት ይዘጋ ሲባል ቁልፉን የቆለፈው በገዛ እጁ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አክስቴና ሚስቱ እትዬ አስካለ አይነጋገሩም። እትዬ አስካለ ጠዋት ገሏን ይዛ ትገባለች፣ አክስቴ አመዱን ትገልጥላታለች፣ አንዷ ትጭራለች፣ አንዷ ታያለች፣ ቃል የለም። እኔ ይህን ዝምታ አልወደውም ነበር። ሰው ዝም ሲል እግሬን ያሳክከኛል። ስለዚህ መሐላቸው ገብቼ ስለ ዝናቡ አወራለሁ፣ ስለ ትምህርት ቤት አወራለሁ፤ አክስቴ በዓይኗ ታስቀምጠኛለች።

የእትዬ አስካለ ልጅ ግርማ የዳዊት የኳስ ጓደኛ ነበር። ከዳዊት በዕድሜ ያንሳል፤ በቁመት ግን ይበልጠዋል። በላቸው ቤት ስለ ቁመቱ ሲቀለድ እንሰማለን፤ ጣሪያው ሊነሳለት ነው ይሉ ነበር።

ዳዊት ግን በዚያ ሰሞን ኳስ አይጫወትም። ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና ደርሶ ነበርና አፈሳውን ይሸሻል። አፈሳው ያኔ በቀን ነበር፤ ገበያ ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ። ስለዚህ ቀን ቀን እንሰቱ ውስጥ ይውልና ሲመሽ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ፣ በልቶ፣ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ ወጥቶ ይተኛል። ጎህ ሳይቀድ ይወርዳል። አክስቴ አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የምትለው። «ብዪ ቶሎ፣ ውጪ ቶሎ» ትለዋለች ዳዊትን። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅበት ነበር፤ ያኔ አልስቅም። የጎረሰው እስኪወርድለት ድረስ እኔ ከበር ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ በር እመላለሳለሁ።

ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ቀበሌው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለችው የመኪና ቸርኬ በብረት ትቀጠቀጣለች። ሰዓት እላፊ። ከዚያ ወዲያ ደጅ የተገኘ ራሱን ያውቃል። ውሻ እንኳን የሚጮኸው ድምፁን ቀንሶ ይመስለኝ ነበር።

የእንግሊዝኛ መምህራችን መምህር አድማሱ ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ቀጭን፣ ጉንፋን የማይለቃቸው ሰው ናቸው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፉና «ከርፊው» ብለው አነበቡት። «ይህ የሰዓት እላፊ እንግሊዝኛ ነው» አሉ። በቤታችን በሹክሹክታ የምንጠራው ነገር የእንግሊዝኛ ስም ያለው መሆኑ ክብር የተሰጠው አስመሰለው።

«ቃሉ ግን ሲወለድ እንግሊዝኛ አይደለም» አሉ መምህር አድማሱ። «ከፈረንሳዮች ነው የተወሰደው። ‹ኩቭር› ማለት ክደን ነው። ‹ፌ› ማለት እሳት ነው። እሳት ክደን። ያኔ ከተማቸው የእንጨትና የሳር ቤት ነበር፤ አንድ ቤት ከተቃጠለ ከተማው ያልቃል። ስለዚህ ማታ ደወል ይደወልና ሁሉም እሳቱን ይከድናል። ለዚሁ የተሠራ ክዳን ነበራቸው። እየቆየ እሳቱ ተረሳና ደወሉ ቀረ። ደወሉም ተረሳና አትውጡ የሚለው ቀረ።»

«እናንተስ እሳቱን ማታ ምን ታደርጉታላችሁ?» ብለው ጠየቁን። እኔ ሳይጠሩኝ ተነስቼ «አክስቴ ታዳፍነዋለች!» አልኩ። ደስ አላቸው። የአገራቸው ሰው ቸኩሎ ለሚሄድ እንግዳ «እሳት ልትጭር መጣህ እንዴ?» እንደሚል፣ እንግሊዞቹም ድሮ ይህንኑ ይሉ እንደነበር የሆነ ቦታ ማንበባቸውን ነገሩን። ይህችን ስንሰማ ተያየን። በእኛ ሰፈር እሳት ሊጭር የመጣ ሰው አይቸኩልም፤ ተቀምጦ እግሩን ያሞቃል፣ የሰፈሩን ወሬ ይጨርሳል። የማትቀመጠው እትዬ አስካለ ብቻ ነበረች። ስለዚህ እንግሊዞችም ከጎረቤት ጋር ተጣልተው ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ከኋላ አንድ ልጅ «ታዲያ ለእሳት ብቻ ነው የተከለከለው?» አለ።

መምህር አድማሱ አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ። «አንድ ንጉሥ አገሩን በጉልበት ይዞ ስለነበር፣ ሰው ማታ እሳት ከቦ እንዳይመክርበት ፈርቶ ነው የሚሉም አሉ።» ወደ መስኮቱ አዩ። «ይህቺን አትጻፏት።»

የጻፍነው ሁላችንም ደለዝነው። እኔ ለፈተና አትመጣም ማለታቸው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ነው እንግዲህ አበሳዬ የበዛው። ሰዓት እላፊ የታወጀው በእሳታችን ላይ ነው ብዬ ደመደምሁ። የዳዊት አፈሳ አንድ ጣጣ ነው፣ ይህ ሌላ ጣጣ ነው። ጋሽ በላቸው ማታ ጠመንጃውን አንግቶ ሲዞር የየቤቱን ጭስ የሚቆጥር ይመስለኝ ጀመር፤ ለዳዊትም ነገርሁት። ቸርኬዋ ልትመታ ስትል አክስቴን እጨቀጭቃለሁ።

«አክስቴ፣ አዳፍኚው በቃ።»

«ጎደሬው አልበሰለም።»

«ጥሬውን እንበላዋለን!»

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ሆድሽን ነው የሚያምሽ?»

ወደ ደጅ ወጥቼ ጣሪያውን አያለሁ። ጭሱ በሳሩ ውስጥ እየሾለከ በዝናብ ላይ ተኝቷል። በቀሚሴ ላራግበው እዘላለሁ፤ አይበተንም። ተመልሼ እገባለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። አክስቴ በመጨረሻ በጓሮ ስሄድ የሆነ ነገር የበላሁ መስሏት የመረረ ቅጠል ጨምቃ አጠጣችኝ። ዳዊት ቆጡ ላይ ሆኖ አፉን በእጁ ይዞ ሲስቅ አየሁት፤ በዚያ በልግ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት፣ ገና ድንግዝግዝ ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። ዳዊት አልወረደም ነበር። ሌሊቱን ዝናቡ ሲወርድ አድሮ እንቅልፍ ጥሎታል። አክስቴ «ማነው?» ስትል «እሳት» አለ የወንድ ድምፅ። ጋሽ በላቸው ነበር፤ ለእሳት አንድም ቀን ራሱ መጥቶ አያውቅም።

አክስቴ ወደ ቆጡ አላየችም። እኔ አየሁና ቶሎ ዓይኔን ወደ መሬት መለስሁ። እሳት አይከለከልም፤ የገዛ ሕጓ ነው፣ ልታጥፈው ብትል ራሱ ያስጠረጥራል። በሩን ከፈተችና «ግቢ፣ ጋሽ በላቸው» አለችው።

ጠመንጃውን ደጅ ላይ አስደግፎ ጎንበስ ብሎ ገባ። ገሉን ይዞ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ አለ፤ ልክ ከዳዊት በታች። አክስቴ አመዱን በቀስታ ትገልጣለች። እኔ ዳዊትን ረስቼዋለሁ ማለት ይቻላል፤ እሳታችንን ሊመረምር የመጣ መስሎኛል። አላስቻለኝም።

«ጋሽ በላቸው፣ ማታ ከደወሉ በፊት ነው ያዳፈንነው!» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ምኑን?»

«እሳቱን። እውነቴን ነው፣ አክስቴን ጠይቃት።»

ሳቀ። ጋሽ በላቸው ጥርሱ እንዲህ ትልልቅ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። «ጎበዝ ነሽ» አለኝ። በዚያችው ቅጽበት ከቆጡ ላይ የጥላሸት ብናኝ ወርዶ ትከሻው ላይ አረፈ። ሳቁ ቆመ። ትከሻውን አየው፣ በጣቱ ጠረገው፣ ወደ ላይ ግን አላየም።

«ማርታ» አለ። ስሟን ከጠራ ቆይቶ ነበር። «ከአውራጃ ሰው መጥቷል። ከኮታችሁ አንድ ልጅ ጎድሏችኋል ተባልን። ዛሬ ደወሉ እንደተመታ ቤት ለቤት ነው። መንገድ የምመራው እኔ ነኝ።»

«እዚህ ልጅ የለም» አለች አክስቴ።

«የለም። እንግዲያው የሌለው ልጅ ዛሬ እዚህ እንዳያድር።»

ፍሙን ገሉ ላይ አድርጎ ተነሳ። በር ላይ ሲደርስ ጠመንጃውንም ፍሙንም እንዴት እንደሚይዝ ቸግሮት ትንሽ ቆመ፤ እኔ ሮጬ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አነገትኩለት። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ፣ ጸሎት ቤት የቆለፈ ሰው ለምን እንደነገረን፣ ዛሬም አላውቅም። አክስቴም ያወቀች አይመስለኝም።

ዳዊት ከቆጡ ወረደ። አክስቴ የተቀቀለ ጎደሬ በጨርቅ ቋጠረችለት። ቀይ አፈር ከተማ አጠገብ አባታችን በማር ንግድ የተወዳጀው የበና ጎሳ ሰው ነበር፤ እሱ ዘንድ ሂድ ተባለ። «በመንገዱ እንዳትሄጂ። በጫካ በጫካ ሂጂ፣ ልጄ» አለችው አክስቴ። ልታቅፈው ፈልጋ የቋጠረችውን ጨርቅ እንደገና ፈትታ ቋጠረችው። እኔ እንሰቱ መጨረሻ ድረስ ሸኘሁት። ዞሮ «ጭሱን ቁጠሪ» አለኝና ጠፋ። ልመታው ፈልጌ ነበር።

ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ የተማርኩትን አላስታውስም። ማታ ቸርኬዋ ተመታች። ብዙም ሳይቆይ ሰዎቹ መጡ፤ ጋሽ በላቸው ፋኖስ ይዞ ከፊት፣ የማናውቃቸው ከኋላ። አንዱ ቆጡን በዱላ ወጋ ወጋ አደረገው፣ አንዱ የእህል ማስቀመጫውን ከፈተ። ጋሽ በላቸው ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ያበራላቸዋል፣ የኛን ፊት አያይም። ባዶ መሆኑን ሲያዩ ወጡ። አክስቴ በጉልበቷ ወድቃ በአሪኛ ማመስገን ጀመረች። እኔም አብሬያት ተንበረከክሁ፤ ግን መረጋጋት አልቻልኩም፣ ጆሮዬ መንገድ ላይ ነበር።

ያኔ ነው ከማዶ የሴት ጩኸት የመጣው። እትዬ አስካለን እሳት ያቃጠላት መሰለኝና ልወጣ ስነሳ አክስቴ ቀሚሴን ያዘችኝ። ጩኸቱ አንዴ ወደ መንገዱ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ታፈነ።

ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ዞረው ዞረው ልጅ ስላላገኙ የአውራጃው ሰው ተቆጥቶ ነበር። ባዶ እጄን አልመለስም አለ። መብራት ሊያሳይ የቆመው ጋሽ በላቸው የገዛ ደጁ ላይ ደርሶ ነበርና፣ ግርማ ምን ተፈጠረ ብሎ አንገቱን በበሩ ብቅ ሲያደርግ ሰውየው ቁመቱን አየ። ዕድሜው አልደረሰም ቢባል ማን ይስማ፤ ይዘውት ሄዱ።

ገል የያዙት መጡ፣ ጫሩ፣ ሄዱ። እትዬ አስካለ አልመጣችም። አክስቴ አመዱን ገለጥ አድርጋ ጠበቀች። መልሳ ሸፈነችው። ደግሞ ገለጠችው። ከዚያ ከራሷ የተሰበረ ማሰሮ አንድ ገል አነሳች፣ ትልቁን ፍም አደረገችበትና ወጣች። እሳት ለማንም አይወሰድለትም ያለችው ሴት ጭቃውን በባዶ እግሯ ተሻገረች። ጸሎት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ያን መንገድ ስትሻገር አላየኋትም ነበር። ተከተልኋት።

ጋሽ በላቸው ደጅ ላይ ተቀምጧል፤ ያደረውም እዚያው ይመስላል። ልብሱ ርሷል። ቀና ብሎ አላየንም። ገባን። ምድጃው ነጭ አመድ ብቻ ነው። እትዬ አስካለ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጣ የሸራ ጫማ ጭኗ ላይ ይዛለች።

አክስቴ ፍሙን ምድጃው ላይ አድርጋ ጭራሮ ፈለገች። ቤቱን ስለማታውቀው አላገኘችም። እትዬ አስካለ በእጇ አሳየቻት።

«ያንቺስ?» አለች እትዬ አስካለ።

አክስቴ በዚያ በልግ ለጠየቃት ሁሉ ልጅ የለም ብላ ነበር። «ሄዷል» አለች።

«ጫማ አድርጓል?»

«አድርጓል።»

«እሰይ።» ጫማውን ጭኗ ላይ አስተካከለችው። «የኔ አላደረገም። ጫማውን ይዤ ተከትዬ ወጣሁ። ሰዓት እላፊ ነው፣ ግቢ አሉኝ።»

«ማን ነው ግቢ ያለሽ?» አለች አክስቴ።

እትዬ አስካለ ወደ በሩ አየች። በላቸው ተቀምጦ ጀርባው ይታያል።

«እሱ» አለች።

አክስቴ ጎንበስ ብላ እፍ አለች። ጭራሮው እርጥብ ስለነበር እሺ አላለም። እትዬ አስካለ ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠችና በዚያኛው በኩል ጎንበስ ብላ እሷም እፍ ትል ጀመር።